የጨረር ሕክምና የፊት ጭምብል
ቴርሞፕላስቲክ፤ ጠርዙ ላይ ማያያዣ ያለው

ይህ ወንፊት የመሰለ ነጭ ጭምብል የሚያገለግለው ለተሠራለት ሰው ፊት ብቻ ነው። የአንጎል፣ የአፍ ወይም የጉሮሮ ካንሰር ታካሚ የጨረር ሕክምና ሲወስድ ጭንቅላቱ እንዳይንቀሳቀስ ይይዘዋል፤ ጨረሩ ዕብጠቱን እንዲያገኝ፣ ዓይንንና ኅብለ ሰረሰርን ደግሞ በተቻለ መጠን እንዳይነካ።

ጠፍጣፋው ፕላስቲክ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ ውኃ ይለሰልሳል። ለብ ሲል ባለሙያው ፊት ላይ ይዘረጋዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል።

ከባዱ ነገር ፍርሃቱ ነው። ፊቱ ተሸፍኖ ጭምብሉ ከአልጋው ጋር የተያያዘበት፣ ክፍሉ ውስጥም ብቻውን የቀረ ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ አስቀድሞ ጭምብሉን ያስዳስሰዋል። በቀዳዳዎቹ አየር እንደሚገባ፣ ጨረሩ ሲሰጥ እንደማያም፣ ከውጭ በካሜራ እንደሚያዩትና በድምፅ ማጉያ እንደሚያነጋግሩት፣ እጁን ካነሳ ማሽኑን እንደሚያቆሙለት ይነግረዋል። ጨረሩ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ታካሚው ቤቱ ገብቶ ልጁን ማቀፍ ይችላል። ይህን ሳይነግሩ ሰውን ወደ ቤቱ መሸኘት ጭካኔ ነው።

በአንዳንድ አገሮች የሕፃናቱ ፍርሃት እንዲቀል ጭምብላቸውን በፊልም ጀግናው በስፓይደርማን ወይም በእንስሳት መልክ ይቀቡታል።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሩቅ ለመጣ ታካሚ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው።

ጎብኚዎች ሆይ፣ ታካሚ የምታጅቡ ከሆነ ጭምብሉ ከመሠራቱ በፊት ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ጠይቁ።