ደብሊንን ያሳቀች የመበለት ልጅ



በዚህ ዓምድ የሴቶችን ታሪክ ስንጽፍ ወደ ሐኪሞች፣ ወደ መምህራንና ወደ ንግሥታት እናዘነብላለን። ዛሬ የአንዲት ቀልደኛ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። አገሯ ሩቅ ነው፤ አየርላንድ። ስሟም ከአገሯ ውጭ እምብዛም አይታወቅም። የመረጥናት ሆን ብለን ነው። ከሥራ ሁሉ ሥራ መስሎ የማይታይ ቢኖር ሰውን ማሳቅ ነው፤ አሳቂዋ ሴት ስትሆን ደግሞ «ተፈጥሮዋ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሞሪን ፖተር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ሥራ እንጀራዋን የበላች፣ ልጆቿንም ያሳደገች ሴት ናት።

ሞሪን የተወለደችው ጃንዋሪ 3 ቀን 1925 ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል)፤ ሰፈሯም በሰሜን ደብሊን የሚገኘው ፌርቪው። አገሪቱ ከእንግሊዝ አገዛዝ ወጥታ የራሷን መንግሥት ካቆመች ገና ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። አባቷ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ዕቃ የሚያሻሽጥ ሰው ነበር፤ ልጅቱ ሰባት ዓመት ሲሆናት ሞተ። በዚያን ጊዜ በአየርላንድ ባል የሞተባትን ሴት የሚደግፍ የጡረታ ሕግ አልነበረም፤ የወጣው በ1935 ነው። እናት ልጆቿን ይዛ ቀረች። ሞሪን ዳንስ ትችል ነበር፤ በልጆች ውድድርም ተሸላሚ ነበረች። ገና አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት በደብሊን መድረኮች ላይ ትታይ ጀመር። ብዙም ሳትቆይ ትምህርቷን ትታ በእንግሊዛዊው የሙዚቃ ጓድ መሪ በጃክ ሂልተን ቡድን ውስጥ ገብታ ባሕር ተሻገረች።

ከቡድኑ ጋር ከዞረችባቸው ከተሞች አንዷ በርሊን ናት። ዘመኑ 1938፣ ጀርመን በናዚዎች እጅ የነበረችበት ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ሂትለር በተገኘበት አዳራሽ ዘፈነች፣ ጨፈረች። ለማስታወሻ የተሰጣትን የአበባ ጉንጉን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ አውጥታ እንደጣለችው ሞሪን ኋላ ትናገር ነበር።

ይህን ስናነብ በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። ከፊሎቻችን «ልጅን በዚያ ዕድሜ ለሥራ ባዕድ አገር መስደድ ምን ዓይነት እናትነት ነው?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ባል የሞተባት ሴት ምን ምርጫ ነበራት?» ብለን መለስን። እኛ እናትየዋን ለመውቀስ አፋችን አልደፈረም። ጡረታ የለም፣ ለሴት የሚሆን ሥራ ጥቂት ነው፣ ልጅቱ ተሰጥዖ አላት። ያም ሆኖ ልጅቱ የከፈለችውን መርሳት አይገባም። ትምህርት ቤት ቀርቶባታል፤ ልጅነቷም በባቡርና በመርከብ አልቋል። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ ጉዞው ተቋረጠና ወደ ደብሊን ተመለሰች።

ደብሊን የጠበቃት ጂሚ ኦዴይ ነበር። በዘመኑ በአየርላንድ ከእሱ የሚበልጥ ቀልደኛ አልነበረም። በጣም የታወቀበት ገጸ ባሕርይ ደግሞ ቢዲ ሙሊጋን የምትባል፣ ኩም በሚባለው የድሆች ሰፈር የምትነግድ የጎዳና ቸርቻሪ ናት። ልብ በሉ፤ የደብሊን ሕዝብ በመድረክ ላይ አብልጦ የወደዳት ነጋዴ ሴት ሻል ለብሶ የሚተውን ወንድ ነበረች! ይህ በእንግሊዝና በአየርላንድ የቆየ ልማድ ነው። በገና ሰሞን ለልጆች በሚቀርበው፣ ፓንቶማይም በሚሉት ዘፈንና ቀልድ የሞላበት ተውኔት ውስጥ አሮጊቷን የሚጫወተው ወንድ ነው። ኦዴይን አንነቅፈውም፤ ያ ሰው የእነዚያን ሴቶች አንደበት አሳምሮ ያውቅ ነበር። ነገር ግን እውነተኛዋ ሴት አጠገቡ ቆማ፣ እሱ ሕዝቡን እንዲያስቅ ቃል የምታቀብል ሆና ረጅም ዓመታት አሳልፋለች። ማቀበል ቀላል ሥራ አይደለም። ቃሏ ለቅጽበት ብትዘገይ ሳቁ ይጠፋል፤ ብትፈጥን ደግሞ አድማጩ ያመልጠዋል። ጭብጨባውን የሚወስደው ግን ሌላው ነው። ወጥ ቤት ሆኖ ድግስ ያሳለፈ ይህን ያውቀዋል።

ደግነቱ ሞሪን ተሸፍና አልቀረችም። ከ1950ዎቹ አንስቶ በጌይቲ ቲያትር በየበጋው «ጌልስ ኦፍ ላፍተር» የተባለውን የራሷን ትርኢት ትመራ ነበር። ስያሜው ራሱ ቀልድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር የአየርላንድን ሕዝብ የጥንት ስምና ብርቱ ነፋስን አንድ ላይ ያሰማል። ኦዴይ በጃንዋሪ 1965 ሲሞት የጌይቲ መድረክ ዋና ሰው እሷ ሆነች። አሁን የደብሊንን እናት የምትጫወተው ሴት ነበረች። ክሪስቲ የሚባለው ልጇ የሚያንገላታት፣ ተበሳጭታም ተስፋ የማትቆርጥ የሰፈር እናት ሆና ስትቀርብ አዳራሹ የገዛ ጎረቤቱን ያይ ነበር። ትርኢቱን ስትዘጋም የወደደው ለወዳጆቹ እንዲናገር፣ ያልወደደው ግን ትንፋሹን ለገንፎው ማቀዝቀዣ እንዲቆጥብ ትመክር ነበር።

የምትናገረውን ከሚጽፉላት መካከል ዋናው ባሏ ነበር። በ1959 ያገባችው ጃክ ኦሊሪ የጦር መኮንን ነው። እሱ ይጽፋል፣ እሷ መድረክ ላይ ትወጣለች። ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። የዚህ ትዳር ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን አየርላንድ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ባገባች ዕለት ሥራዋን እንድትለቅ ሕግ ያስገድዳት ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህራትም እስከ 1958 በተመሳሳይ ክልከላ ሥር ነበሩ፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተነሣው በ1973 ነው። ቲያትር ቤት ይህ ሕግ አልደረሰበትም። አዳራሹን ከሞሉት እናቶች ስንቶቹ የጽሕፈት ጠረጴዛቸውን ለቀለበት ሲሉ ትተው ይሆን? መድረኩ ላይ የቆመችው ግን አግብታም፣ ወልዳም እየሠራች ነበር። ስለ ሴቶች መብት ንግግር አደረገች ብለን አንጽፍም። ሥራዋን ቀጠለች፤ ያየ አየ።

ከሁሉ በላይ የማረከን ግን ሌላ ነገር ነው። የገናው ተውኔት ሲያበቃ ሞሪን ወደ መድረኩ ፊት ትመጣና በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ካሉት ልጆች የብዙዎቹን ስም ትጠራ ነበር። ልደት ያለው አለ፣ በቡድን የመጣ አለ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ በእጇ ግን ወረቀት አልነበረም። ከትርኢቱ በፊት በቃሏ ትይዘዋለች፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ዝርዝር ይጠብቃታል። ሁለት ሰዓት ያህል ስትዘፍን፣ ስትጨፍርና ስትወድቅ ስትነሣ ውላ ማለት ነው። ማንም ያላስገደዳት ሥራ ነው። ከደሃ ሰፈር የመጣ ልጅ ስሙ ከዚያ መድረክ ሲጠራ መስማቱ ምን ማለት እንደሆነ ግን አባቷን በሰባት ዓመቷ ያጣችው ሴት ታውቅ ነበር ብለን እናምናለን።

በፊልምም ሠርታለች። በጆን ፎርድ «ዘ ራይዚንግ ኦቭ ዘ ሙን» (1957) እና ከጄምስ ጆይስ መጽሐፍ በተሠራው «ዩሊሲስ» (1967) ውስጥ ትታያለች። ይህ ሁለተኛው ፊልም በአየርላንድ እስከ 2000 ድረስ ታግዶ ነበር፤ የልጆች ወዳጅ በታገደ ፊልም ውስጥ መገኘቷ ፈገግ ያሰኛል።

«ቀልደኛ ናት እንጂ ተዋናይት አይደለችም» ይሉ የነበሩትን ዝም ያሰኘው የ1986ቱ ሥራዋ ይመስለናል። በደብሊን ጌት ቲያትር የሾን ኦኬሲ «ጁኖ ኤንድ ዘ ፔይኮክ» ሲቀርብ የጎረቤቲቱን የሜይዚ ማዲጋንን ቦታ ያዘች። ተውኔቱ በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በደብሊን የኪራይ ቤቶች ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ባል ይጠጣል፣ ሚስት ቤቱን ትሸከማለች። በ1988 ተውኔቱ ኒውዮርክ ብሮድዌይ ደረሰ። በልጅነቷ ለሥራ ባሕር የተሻገረችው ሞሪን አሁን በስድሳ ሦስት ዓመቷ ተሻገረች።

ደብሊን በ1984 የከተማዋን የክብር ነፃነት ሰጥታታለች። በትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየችው ሴት ከትሪኒቲ ኮሌጅም የክብር ዲግሪ ተቀብላለች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመገጣጠሚያ ሕመም አሠቃይቷታል፤ ለዳንሰኛ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። አፕሪል 7 ቀን 2004 በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ክሎንታርፍ በሚገኘው ቤቷ በእንቅልፍ ላይ ሳለች አረፈች። ተወልዳ ካደገችበት ከፌርቪው ክሎንታርፍ ቀጥሎ ያለ ሰፈር ነው። በጌይቲ ቲያትር ደጃፍ የእጆቿ አሻራ በነሐስ ተቀርጾ ይታያል።