መዝገቡ ያየውና ያላየው፦ የአሜሪካ የጭነት ኩባንያዎችን የምዝገባና የደህንነት ታሪክ ስለ መመርመር

በአሜሪካ ከግዛት ግዛት የሰው ዕቃ የሚያመላልስ ትራክ በጎኑ የኩባንያውን ስምና የዲኦቲ (የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር ጽፎ ይጓዛል። ያንን ቁጥር ይዞ የፌዴራሉ የሞተር አጓጓዦች ደህንነት አስተዳደር (ኤፍኤምሲኤስኤ) «ሴፈር» በተባለው የመረጃ ቋቱ ላይ የሚፈልግ ሰው፣ ሳይከፍልና ማንንም ሳያስፈቅድ፣ የኩባንያውን ሕጋዊ ስም፣ አድራሻ፣ የትራኮቹንና የሾፌሮቹን ብዛት፣ ያለፉትን 24 ወራት የመንገድ ላይ ፍተሻና አደጋ ያገኛል። ይህ ግልጽነት ሊከበር የሚገባው ነው። ሆኖም መዝገቡ የያዘው መንግሥት ያየውን ብቻ ነው። ያልታየውን ባዶ ቦታ እንደ ንጽሕና የሚያነብ ሰው ክፉኛ ሊሳሳት ይችላል፤ የዚህ መጣጥፍ ክርክርም ይኸው ነው። ትራክ ገዝተው በሌላ ኩባንያ ቁጥር ሥር ሎድ ለሚጭኑ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባዶው ቦታ ታሪክ አለው። ከ1935ቱ የጭነት ማጓጓዣ ሕግ በኋላ አዲስ አጓጓዥ ፈቃድ የሚያገኘው አገልግሎቱ ለሕዝብ እንደሚያስፈልግ የኢንተርስቴት ንግድ ኮሚሽንን አሳምኖ ነበር፤ ቀድመው የገቡትም ይቃወሙት ነበር። የ1980ው ሕግ ያንን ጠባብ በር ከፈተው። ኮሚሽኑ ራሱ በ1995 ማብቂያ ፈረሰ፤ ኤፍኤምሲኤስኤም በ2000 መባቻ ሥራ ጀመረ። የበሩ መከፈት መልካም ነበር፤ ስደተኛው ሾፌር የራሱን ድርጅት ማቋቋም የቻለው በዚሁ ነው። በምትኩ ግን የቁጥጥሩ ክብደት ከመግቢያው ወደ መንገዱ ተሻገረ። ዛሬ አዲስ የጭነት ኩባንያ ለ18 ወራት ክትትል ይደረግበታል፤ የደህንነት ኦዲቱም በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ እንዲካሄድ ይጠበቃል። እስከዚያ ግን ይጭናል፣ ይነዳል።

ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሦስት ነገሮች አሉ። የዲኦቲ ቁጥር መታወቂያ ነው፤ ስለ ጥራት ምንም አይመሰክርም። በሾፌሮች አነጋገር «ኤምሲ» የሚባለው ደግሞ የሰው ዕቃ በክፍያ ለማጓጓዝ የሚሰጥ ፈቃድ ሲሆን፣ ጸንቶ የሚቆየው ኢንሹራንሱ ሳይቋረጥ ነው። ለተራ ጭነት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሽፋን 750,000 ዶላር ነው። መጠኑ ከ1980ው ሕግ የመጣ ነውና በዛሬ የሕክምና ዋጋ አንድ ከባድ አደጋ በቀላሉ ይጨርሰዋል። ሦስተኛው የደህንነት ደረጃው ነው፦ አጥጋቢ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ወይም አጥጋቢ ያልሆነ። ይህ የሚሰጠው መርማሪ የኩባንያውን ሰነድ ከመረመረ በኋላ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ጭራሽ ደረጃ የላቸውም። ደረጃ ያለውም ቢሆን የተሰጠበትን ቀን ማየት ያስፈልጋል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተሰጠ «አጥጋቢ» ስለ ዛሬዎቹ ትራኮች የሚነግረን ጥቂት ነው።

ቁጥሮቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። በፍተሻ ጉድለት ተገኝቶባቸው እዚያው እንዲቆሙ የሚታዘዙ ተሽከርካሪዎች አገር አቀፍ አማካይ 22 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ተፈትሾ አንዴ እንዲቆም የታዘዘ ኩባንያ 50 በመቶ ይጻፍበታል፤ ከዚህ ተነስቶ መፍረድ ግፍ ነው። አደጋም የሚመዘገበው ጥፋተኛው ሳይለይ ነው፤ ቀይ መብራት ላይ በቆመበት ከኋላ የተገጨ ትራክ አደጋው በኩባንያው ስም ይቆጠራል። ከ2020 ወዲህ በተወሰኑ የአደጋ ዓይነቶች ኩባንያው ሊያስቀረው የማይችለው አደጋ መሆኑን አስመርምሮ ማስመዝገብ ይቻላል። የትራኮቹን ብዛትና በዓመት የተነዳውን ማይል ደግሞ ራሱ ኩባንያው በየሁለት ዓመቱ ይሞላል። እኔ ከመቶኛው ይልቅ የጥፋቱን ዓይነት አስቀድማለሁ። የተቃጠለ መብራት የአንድ ሌሊት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ደጋግሞ ሲጎድል፣ ወይም 11 ሰዓት ብቻ መንዳት የሚፈቀድለት ሾፌር የመንዳት ሰዓት መዝገቡ (ሎጉ) ተጭበርብሮ ሲገኝ ግን የሚታየው የቢሮው አሠራር ነው።

ኤፍኤምሲኤስኤ በ2010 ኩባንያዎችን በሰባት ዘርፎች እርስ በርስ የሚያወዳድር መለኪያ ዘርግቶ ነበር። ኮንግረስ በ2015 የጭነት ኩባንያዎቹን የውድድር ደረጃ ከሕዝብ ዕይታ አነሳው። የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ በ2017 የመለኪያውን መሠረት ተቀብሎ የተሻለ የስታቲስቲክስ ሞዴል እንዲታሰብ መክሯል። ለትንንሽ ኩባንያዎች የተነሳው ስጋት እውነት ነበረው፤ መደበቁ ግን የጎዳው ደካማውን ነው። ጭነትን ከአጓጓዥ ጋር የሚያገናኙ ትልልቅ ብሮከሮች ትንታኔውን ከግል ድርጅቶች ይገዛሉ፤ ብቻውን የሚሠራ ሾፌር ጥሬ መረጃውን ራሱ ማገላበጥ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ባዶ ቦታ ስሙን ቀይሮ የሚመለሰው ኩባንያ ነው። የሚታወቀው ምሳሌ የአውቶቡስ ነው፤ ምዝገባው ግን በዚያው መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ነው። ኦገስት 8 ቀን 2008 ሸርማን፣ ቴክሳስ ላይ አንድ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከድልድይ ወድቆ 17 ሰዎች ሞቱ። ጎማው እንደገና የተለበጠ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጎማ በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ መግጠም ክልክል ነው። የአውቶቡሱ ባለቤት ሌላ ኩባንያው ከጥቂት ሳምንታት በፊት በደህንነት ጉድለት ከሥራ ታግዶበት ነበር፤ ጉዞው የተካሄደው በአዲስ ስም፣ ፈቃዱም ገና ሳይሰጥ ነው። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2012 ባወጣው ጥናት፣ እንዲህ ያለ ምልክት ያለባቸው አዲስ አመልካቾች በ2005 ከነበሩበት 759 በ2010 ወደ 1,136 አድገዋል። ከነዚህ 18 በመቶዎቹ ከባድ አደጋ ውስጥ ሲገኙ፣ ምልክቱ ከሌለባቸው አመልካቾች ግን 6 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ምልክቱም በዋናነት አድራሻው፣ ስልኩ ወይም የኃላፊዎቹ ስም ከተዘጋ ኩባንያ ጋር መመሳሰሉ ነው። ስለዚህ ንጹሕ መዝገብ ያለው የስድስት ወር ኩባንያ ሲያጋጥም አድራሻውንና ስልኩን መልሶ በመዝገቡ መፈለግ፣ የፍተሻውን ዝርዝር ከማንበብ ይቀድማል።

በሌላ ኩባንያ ቁጥር ሥር በሊዝ ለሚሠራው ባለ ትራክ ምርመራው ከፊርማ በፊት መሆን አለበት። በፌዴራሉ የሊዝ ደንብ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በውሉ ዘመን ትራኩ በኩባንያው ቁጥጥር ሥር ነው። ኩባንያው ከታገደ በእሱ ቁጥር የሚጓዘው ትራክም አብሮ ይቆማል። በፍተሻ የተገኘ ጥፋት ደግሞ በኩባንያው መዝገብ ብቻ ሳይቀር በሾፌሩ የግል ታሪክ ላይ ሦስት ዓመት ይታያል፤ አደጋ ከሆነ አምስት ዓመት። በአንጻሩ ደንቡ የማስረከቢያ ሰነዱን ካስገባ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፈለው፣ ክፍያው በመቶኛ ከሆነም የጭነቱን ትክክለኛ ደረሰኝ እንዲያይ መብት ይሰጠዋል። ኩባንያው ይህንን ግዴታ የመወጣት አቅም እንዳለው የሚጠቁመው ደግሞ ጥቂት ሰው የሚከፍተው የፈቃድና የኢንሹራንስ ታሪክ ገጽ ነው። እዚያ የመድን ውሉ መቼ እንደተቋረጠ፣ መቼ እንደተተካ፣ ፈቃዱም ተሰርዞ የተመለሰበት ጊዜ ካለ በቀን ተመዝግቦ ይገኛል። የመድን ክፍያውን በወቅቱ መክፈል እያቃተው ፈቃዱ ደጋግሞ ሲሰረዝ የኖረ ኩባንያ ለሾፌሩ በ15 ቀን ይከፍላል ብሎ ለመተማመን የሚያበቃ ምክንያት አላገኝም።