ይቺን ስማልኝ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ከእጅ ወደ እጅ ስለዞሩ ሙዚቃዎች ነው፤ ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራላችኋለሁ።

ኃይሉ መርጊያን ታውቁት የለ? የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች፣ ሒልተን ሆቴልን ስንት ምሽት ያደመቀ ሰው። ባንዱ በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሲሻገር ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገባና ለብቻው ቀረጸ። ባንድ የለ፣ ድምፃዊ የለ። በወጣትነቱ የለመደውን አኮርዲዮን አነሳ፤ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን በየተራ ደረበበት። ስትሰሙት ማሽኑ ዝንፍ ሳይል ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ግን የሰው ትንፋሽ አለው፣ ድምፁን ስቦ ስቦ ያቆየዋል። ዜማው የምናውቀው የአገር ቤት ዜማ ነው፤ እንዲህ ብቻውን ሆኖ ሲመጣ ግን አንጀት ይበላል። ለእኔ በስደት ከተሠሩት ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው።

ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ጊዜው አለፈ። ኃይሉም ታክሲ መንዳት ጀመረ። ሥራው ደለስ ከሚባለው የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከመኪናው ኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይይዛል፤ ተራው እስኪደርስ ያወጣና ይለማመዳል። የሚሰማው የለም፤ እሱ ግን ጣቶቹን አላሳረፋቸውም።

ከዚያ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት ያገኛል። ሰማው፣ ወደደው። ልብ በሉልኝ፣ በመውደድ ብቻ አላበቃም። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ከእሱም በፊት እንዲሁ ሆኗል። በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ከኢትዮጵያ የመጣ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ወዳጁ ዘንድ ሰማ። እያባዛ ለሚያውቃቸው ሁሉ አደለ። ይኼ ማነው ቢል የሚነግረው ስላጣ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» ቤልጂየም ታተመ፤ በ1997 ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ ተጀመረ። ሙላቱ አስታጥቄን፣ ዓለማየሁ እሸቴን፣ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ስንቱ የውጭ ሰው ያወቀው በዚያ ነው።

የጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ይለያል! ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው፤ ሲነፋ ጎራዴ የተመዘዘ ይመስላል። የሆላንዱ «ዘ ኤክስ» የፓንክ ሮክ ቡድን ነው፤ ጊታራቸው ጆሮ ይበጥሳል። የሳክስፎኑን ካሴት ወደዱና በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓላቸው አምስተርዳም ጠሩት። እሱም ሰማቸውና አጃቢዎቼ እናንተ ናችሁ አለ። በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ። አንድ አዛውንት ፎካሪና የፓንክ ልጆች፣ ማን ያገናኛቸው ነበር? ግን ሁለቱም ወገን ቁጣ ያውቃል፤ በዚያ ተግባቡ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ይኼ ነው፦ ዛሬ በቴሌግራም ስንት ድንቅ ሙዚቃ ይላካል፣ ስም ግን የለውም። የዘፋኙ ስም ቢኖር የሳክስፎኑ፣ የቤዙ፣ የአቀናባሪው ይቀራል። ኃይሉ መርጊያ የተገኘው እኮ ካሴቱ ላይ ስሙ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ተራዬን በስም ልስጣችሁ። ጃዝ አይገባኝም የምትል፣ በጌታቸው ጀምር፤ ፉከራውን ታውቀዋለህና። ሮክ የምትወጂ እህቴ፣ አንቺም ከ«ሞአ አንበሳ»። ክራር ለናፈቀው አስናቀች ወርቁ አለችለት፤ የ«ኢትዮፒክስ» 16ኛው ቅጽ የእሷ ነው። ፒያኖ የፈለገ 21ኛውን፣ የእማሆይን ይክፈት። የኃይሉን አኮርዲዮን ግን ከተቻለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትዘሉ ስሙልኝ።