ከአራዳ እስከ ቦሌ፤ የአዲስ አበባ ገበያና መዝናኛ ባጭሩ

ስለ ዋና ከተማችን ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ ነው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ሕዝቡ የሚገበያይበትንና የሚደሰትበትን ስፍራ ታሪክ በአጭሩ ልናወሳ ወደድን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ታላቁ ገበያ ይቆም የነበረው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ይልቁንም ቅዳሜ ቀን የገጠሩ ሰው እህሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና ከብቱን ይዞ ይመጣ ነበር፤ መገበያያውም የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ገበያው አዋጅ የሚነገርበት፣ ወሬ የሚሰማበት፣ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት ስለ ነበረ መዝናኛውም እርሱው ነበር። ቆይቶም የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች በዙሪያው ሱቅ ከፈቱ፤ ሲኒማም በመጣ ጊዜ ሕዝቡ በሚንቀሳቀሰው ሥዕል ተደንቆ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ግን ኢጣልያኖች ነጩንና ሀገሬውን በቀለም ለይተው ሊያኖሩ ስላሰቡ፣ አራዳን «ፒያሳ» ብለው ለራሳቸው አደረጉና የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ በሚባለው ስፍራ አቆሙት። ሁለቱም የኢጣልያ ቃላት ናቸው፤ አንዱ አደባባይ፣ ሁለተኛው ገበያ ማለት ነው። ከነፃነት በኋላ ሕዝባችን ስሙን ሳይለውጥ ስፍራውን የራሱ አደረገው። የተገፋው ገበያ በሸማ ተራ፣ በምን አለሽ ተራና በሌሎችም ተራዎች ተደራጅቶ የሀገሪቱ ዋና ገበያ ሆነ። ኢጣልያኖች ለሲኒማ የጀመሩት ሕንፃም ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ ይኸውም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በቦሌና በሌሎችም ሰፈሮች ሱቁን፣ ቡና ቤቱን፣ ሲኒማውንና የልጆች መጫወቻውን በአንድ ጣራ ሥር የሰበሰቡ ሕንፃዎች ተሠሩ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፋ።

እኛ ሥልጣኔን አንነቅፍም፤ ንጽሕናውና ብርሃኑ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን በቀድሞው ሜዳ ቅቤዋን ዘርግታ ትሸጥ የነበረች እናት በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ቦታ የላትም። ጠላት በቀለም የለየውን ሕዝብ እኛ በኪሱ ብንለየው ልጆቻችን ምን ይሉናል? እንግዲህ ነገ መሐንዲስና ነጋዴ የምንሆን ወጣቶች ሁሉ፣ አዲስ የገበያ አዳራሽ በምንሠራበት ጊዜ ለጉልት ሻጭም ጥላ ያለው ቦታ መተው እንዳንረሳ አደራ እንባባላለን።