ስልክ፣ ሽቦ፣ ገመድ፣ ክር፦ የመገናኛ መስመር ስያሜዎች ታሪክና የባሕር ዳር ሕንጻዎች

መግቢያ

አንድ የእጅ ሥራ ወይም የቴክኒክ ሙያ ወደ አንድ አገር ሲገባ መሣሪያው ብቻውን አይመጣም፤ ስሙንም አስከትሎ ይመጣል። ስሙም ከሦስቱ ዕጣዎች አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ እንዳለ በውሰት ይወሰዳል፣ ወይ ከአገሬው ቋንቋ አዲስ ቃል ይቀረጽለታል፣ ወይም ቀድሞ የነበረ ቃል አዲሱን ነገር እንዲሸከም ይደረጋል። ሦስቱም መንገዶች በአማርኛ ውስጥ አሉ፤ ሦስቱንም በአንድ ሙያ ውስጥ አሰባስቦ ለመመልከት ግን ከመገናኛ መስመር ዝርጋታ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በጣና ዳር በባሕር ዳር ከተማ በተሠሩት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻዎች፣ ይኸውም በባንኮች፣ በሆቴሎች፣ በመሥሪያ ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ውስጥ፣ የመረጃ መስመር ይዘረጋል። ንድፉ በእንግሊዝኛ ይነደፋል፤ ውሉና የጨረታ ሰነዱ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ይጻፋል፤ ሥራው በሚሠራበት ቦታ ደግሞ ሠራተኛው በሁለቱ ድብልቅ ይነጋገራል። ተርጓሚው በእነዚህ በሦስቱ መካከል የሚቆም ሰው ነው። እሱ የመረጠው ቃል ከተሳሳተ ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የአራት ቃላትን ታሪክ በመከተል በዛሬው ሥራ ላይ የትኛው ቃል ለየትኛው ነገር መዋል እንዳለበት ማመልከት ነው።

1. ስልክ፦ ሥርወ ፍቹን የረሳ ቃል

እንደሚታወቀው ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ሥራ መነሻ እ.ኤ.አ. 1894 እንደሆነ ይነገራል። ሰው በጊዜው ያየው ነገር ረጅም እንጨትና በእንጨቱ ላይ የተወጠረ ሽቦ ነበር። ስለዚህም መሣሪያው የተጠራው በሽቦው ስም ነው። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ሲልክ» የመጣ ሲሆን የዚያም ፍች ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው።

ቃሉ ከተለመደ በኋላ ሥርወ ፍቹ ተረሳ። «የስልክ እንጨት» ማለት ትክክል ነው፤ «የስልክ ሽቦ» ስንል ግን በሥርወ ቃሉ መሠረት «የሽቦ ሽቦ» ማለታችን ነው። ሬዲዮ ሲመጣ «ሽቦ አልባ» ተባለ። በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲጀመር ደግሞ ስሙ በሥርወ ፍቹ «ተንቀሳቃሽ ሽቦ» ሆነ፤ «ገመድ አልባ ስልክ» የሚለውም «ገመድ የሌለው ሽቦ» እንደማለት ነው። ይሁንና በዚህ የተደናገረ ተናጋሪ የለም። ከግሦቹ ውስጥ ብቻ የሽቦው ትዝታ ቀርቷል፤ ዛሬም ምንም የሚበጠስ ነገር በሌለበት «መስመሩ ተቋረጠ» እንላለን።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አለ። የቃል ሥር የቃልን አገልግሎት አያስርም። ስያሜ ሰጪ የሥርወ ቃልን ንጽሕና ብቻ እየተከተለ ቢሄድ ኖሮ «ስልክ» የሚለውን ቃል ከ1991 ዓ.ም. በኋላ መጣል በተገባው ነበር። ሆኖም ይህ የሚሆነው አዲሱና አሮጌው ነገር በአንድ ቦታ ሳይጋጩ ሲቀሩ ነው። በአንድ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ልዩነቱ ሊጠበቅ ይገባል። ቀጥሎ ያሉት ቃላት ጉዳይ ይህ ነው።

2. ሽቦና ገመድ

ሽቦ ብረታ ብረት ነው፤ ከመዳብም ከብረትም ይሁን አንድ ወጥ ሆኖ የተሳበ ነው። ገመድ ግን ስሙን ያገኘው ከተሠራበት ነገር ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። «ገመደ» ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ነገሮችን አንዱን በሌላው ላይ አዞረ፣ አከረረ ማለት ነው። የገመድ ምንነት በግምዱ ላይ ነው እንጂ በቃጫው ወይም በጠፍሩ ላይ አይደለም።

ይህ የጥንት ፍች ለዛሬው የመረጃ መስመር እንደታሰበበት ሆኖ ይስማማል። በሕንጻ ውስጥ የሚዘረጋው የመዳብ ገመድ በውስጡ ስምንት ሽቦዎች አሉት፤ ሽቦዎቹም ሁለት ሁለት እየሆኑ በአራት ጥንድ ይገመዳሉ። ቀለማቸውም ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ቡናማ ሲሆን እያንዳንዱ ከነጭ ጋር የተቀየጠ ጓደኛ አለው። ሽቦን በጥንድ የመግመድ ሐሳብ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1881 ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ በጥንዱ ሽቦዎች ላይ በእኩል ያርፋል፣ መጨረሻ ላይም የሁለቱ ልዩነት ብቻ ስለሚለካ ረብሻው እርስ በርሱ ይጣፋል። አራቱ ጥንዶች የተገመዱበት ጥብቀት የሚለያየውም አንዱ ሌላውን እንዳይረብሽ ነው።

ስለዚህ ገመዱ ከሶኬቱ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ግምዱ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይፈታ የሙያው ደንብ ያዛል። ይህን ደንብ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው «መግመድ» እና «ግምድ መፍታት» የሚሉት ቃላት ዝግጁ ሆነው ይጠብቁታል። እዚህ ላይ ቃል ከውጭ መበደር ድኽነት አይደለም፤ የራስን ቃል አለማወቅ ግን ነው።

3. መረብና አውታር

ለመስመሮች ስብስብ የተሰጠው ስያሜ «አውታረ መረብ» ሆኗል። መረብ በጣና ዳር ለሚኖር ሰው የዓሣ አጥማጅ መሣሪያ ነው፤ አውታር ደግሞ የበገና ወይም የክራር ጅማት፣ ወይም የድንኳን ማሠሪያ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ኅብሩ የተወጠረና የተሣሠረ ነገርን ያመለክታል። «በይነ መረብ» የሚለውም በመረቦች መካከል ያለውን ግንኙነት ለመግለጽ የተቀረጸ ሲሆን ዛሬ በጋዜጣም በመማሪያ መጽሐፍም ውስጥ ይገኛል።

ስለ ዘመኑ አንድ ግጥጥሞሽ መጥቀስ ይገባል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመትም የበይነ መረብ አገልግሎት በአገሪቱ ተጀመረ። ስለዚህ የመገናኛ ሙያ ቃላት ጐርፍ የመጣው መዝገበ ቃላቱ ከማተሚያ ቤት በወጣበት ወቅት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ስያሜዎች አብዛኞቹ የተወለዱት በሥራው ቦታ፣ በሠራተኛው አፍ ነው። «ስዊች»፣ «ራክ»፣ «ፓች ፓነል» እንዳሉ ተወስደዋል። እነዚህ የዕቃ ስሞች ናቸውና ብዙ አያስጨንቁም፤ የሚያስጨንቁት የተግባርና የባሕርይ ስሞች ናቸው።

4. የብርሃን ክር

ብርሃንን በቀጭን መስታወት ውስጥ አስገብቶ የማስኬድ ሐሳብ ረጅም ታሪክ አለው። ለመገናኛ ሥራ የሚበቃ ሆኖ የታሰበው ግን እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ቻርልስ ካኦ እና ጆርጅ ሆክሃም በእንግሊዝ አገር ባወጡት ጽሑፍ ብርሃኑን የሚያመነምነው የመስታወቱ ተፈጥሮ ሳይሆን በውስጡ ያለው ጕድፍ መሆኑን አስረዱ። ለዚህም ሥራው ካኦ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተካፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች በኪሎ ሜትር 17 ዴሲቤል ብቻ የሚያመነምን ክር አወጡ። ይህም ማለት ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶው ብርሃን ሁለት እጅ ያህሉ ይደርሳል ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህ ታላቅ ድል ነበር። የዛሬው ጥሩ ክር በኪሎ ሜትር የሚያመነምነው 0.2 ዴሲቤል ያህል ስለሆነ ከመቶው 95 እጅ ይደርሳል።

ይህን ነገር በአማርኛ ምን እንበለው? «ፋይበር» ለሚለው ቃል ተርጓሚ ከመዝገብ ውስጥ ሦስት ቃላት ያገኛል። አንደኛው «ቃጫ» ነው፤ ይህ ግን ተክል ነው። ሁለተኛው «አሠር» ነው፤ እሱንም የምግብና የጤና ባለሙያዎች ለራሳቸው ወስደውታል። ሦስተኛው «ክር» ነው። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናትና ጥጥ፣ ፈትልና ክር በደረጃቸው የተለዩ ቃላት መሆናቸውን ለነዋሪዋ ማስረዳት አያሻም። ክር ተስቦ የወጣና ርዝመት ያለው ነገር ነው። የመስታወቱም ክር የሚሠራው ከጋለ ወፍራም የመስታወት ዘንግ ላይ እንደ ፈትል ተስቦ ነው። ስለዚህ «የብርሃን ክር» የሚለው ስያሜ ቅርጹንም፣ አሠራሩንም፣ ተግባሩንም ይገልጻል።

የክሩ ክፍሎችም ስም ይፈልጋሉ። መካከለኛው ብርሃን የሚሄድበት ክፍል «እምብርት» ሊባል ይችላል። በዙሪያው ያለውና ብርሃኑን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ሁለተኛው መስታወት ግን «ሽፋን» ቢባል ያሳስታል፤ ከእሱ ውጭ የፕላስቲክ ሽፋን አለና። ለዚህ «ልባጥ» የሚለው ቃል ይሻላል፤ ልባጥ ከሥሩ ካለው ነገር ጋር ተዋሕዶ የሚኖር ነውና። ልባጡን ጨምሮ የክሩ ውፍረት 125 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር ብዙም አይርቅም። እምብርቱ ለረጅም ርቀት በሚውለው ክር 9፣ ለአጭር ርቀት በሚውለው 50 ወይም 62.5 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው።

ሽቦ ሲቀጠል ይጠማዘዛል፤ ክር ሲቀጠል ይቋጠራል። የብርሃን ክር ግን አይጠማዘዝም፣ አይቋጠርምም። ሁለቱ ጫፎች ተስተካክለው ከተቈረጡ በኋላ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። በሥራ ቦታ «ስፕላይስ ማድረግ» ይባላል። አማርኛ ግን ለዚሁ ተግባር ከብረት ሠራተኛው ዘንድ «ብየዳ» የሚል ቃል አለው። «የክር ብየዳ» ቢባል ሰሚው ወዲያው ይረዳል፤ ከ«መቀጠል» እና ከ«ማያያዝ» ጋርም አይምታታም።

5. በሕንጻው ውስጥ

እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ የሕንጻ ውስጥ ዝርጋታ እንደየመሣሪያው አምራች የሚለያይ ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የወጣው 568 ተብሎ የሚታወቀው ደረጃ ሥራውን በክፍል በክፍል ለየው። ከየፎቁ የመሣሪያ ክፍል እስከ ሶኬቱ የሚደርሰው የመዳብ መስመር ከ90 ሜትር እንዳይበልጥ፣ የመሣሪያ ማገናኛዎቹ ሲጨመሩም ጠቅላላው 100 ሜትር እንዲሆን ወሰነ። ፎቅን ከፎቅ፣ ሕንጻን ከሕንጻ የሚያገናኘውን ደግሞ በእንግሊዝኛ «የጀርባ አጥንት» የሚል ስም ሰጠው።

ይህ ስም በቀጥታ ተተርጕሞ በአንዳንድ ጽሑፎች ይታያል። ለባህላችን የሚቀርበው ግን የቤቱ ምሳሌ ነው፤ መካከል የቆመው ምሰሶ፣ ዙሪያውን በአግድም የሚያሥረው ማገር። ምሳሌው ውብ ነው፤ ቢሆንም በሕንጻ ንድፍ ላይ «ምሰሶ» የተባለ ሌላ ነገር፣ ይኸውም ጣሪያና ወለል የሚሸከመው ዐምድ፣ ስላለ ሁለቱ ይጋጫሉ። «ቋሚ መስመር» እና «አግድም መስመር» የሚሉትም ችግር አለባቸው። አንደኛ፣ «ቋሚ» ማለት የቆመ ብቻ ሳይሆን የማይነሣም ማለት ነው፤ ደረጃው ደግሞ ከሶኬት እስከ መሣሪያ ክፍል ያለውን የማይነሣ መስመር ለብቻው ለይቶ ይፈትናል። ሁለተኛ፣ ዋናው መስመር ሁልጊዜ የቆመ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱና ከመምህራን ኮሌጁ ውሕደት የተመሠረተውን፣ በተለያዩ ግቢዎች የሚገኘውን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም ብናስብ፣ ሕንጻን ከሕንጻ የሚያገናኘው መስመር ከመሬት በታች ተኝቶ የሚሄድ ነው። የተኛውን «ቋሚ» ማለት አይገባም። ስለዚህ «ዋና መስመር» እና «የፎቅ መስመር» ቢባሉ ሁለቱም ከአቀማመጥ ሳይሆን ከተግባር ስም ያገኛሉ።

የጣና ዳር አየር ሌላም ቃል ያስፈልገዋል። ክረምቱ መብረቅ የሚበዛበት ነው፤ በሐይቁ ዳርም ቱቦና ጕድጓድ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ሁለት ሕንጻዎች በመዳብ ገመድ ቢገናኙ አንዱን የመታው መብረቅ በገመዱ ተጕዞ የሌላውን መሣሪያ ሊያቃጥል ይችላል። መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የብርሃን ክር ይህን አደጋ ያስወግዳል። ነገር ግን የብርሃን ክር የያዘ ገመድ ሁሉ እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዱ ለጥንካሬ የብረት ሽቦ ወይም የብረት ልባስ በውስጡ አለው። ይህ ዐይነቱ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ መብረቁን እንደ መዳቡ ይሸከማል። ስለዚህ ነዳፊው ምንም ብረት የሌለበት ገመድ እንዲቀርብ ሊያዝዝ ይችላል።

ይህን ትእዛዝ የሚተረጕም ሰው «ሽቦ አልባ ገመድ» ቢል ምን ይሆናል? «ሽቦ አልባ» ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ በአየር የሚተላለፍ ማለት ነው። አንባቢው ወይ ሐረጉ ስሕተት መስሎት ያልፈዋል፣ ወይም የሬዲዮ መሣሪያ ያቀርባል፤ ሌላው ደግሞ የብረት ልባስ ያለውን ገመድ አምጥቶ ይቀብራል። የዋጋ ልዩነቱ የሚታየው በመጀመሪያው ክረምት ነው። ትክክለኛው ቃል «ብረት አልባ ገመድ» ነው። ከዚህም የተነሣ «ገመድ አልባ» የሚለው የዛሬው ስያሜ ከአሮጌው «ሽቦ አልባ» የተሻለ መሆኑ ይታያል። የብርሃን ክር ገመድ ያለው ነው፤ ሽቦ ግን ላይኖረው ይችላል። «ሽቦ አልባ» የሚለው ቃል በመዳብ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ያመለክት ነበር፤ በመስታወት ዘመን ግን ሁለት ሆነ።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተሉት ስያሜዎች ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ውይይት ቀርበዋል።

ሽቦ — አንድ ወጥ የብረታ ብረት ማስተላለፊያ፤ ለብርሃን ክር አይነገርም።
ገመድ — የሽቦዎች ወይም የክሮች ስብስብ ከነሽፋኑ።
ግምድ ጥንድ — በአንድነት የተገመዱ ሁለት ሽቦዎች።
የብርሃን ክር — ብርሃን የሚተላለፍበት ቀጭን መስታወት፤ ክፍሎቹም እምብርትና ልባጥ።
የክር ብየዳ — ሁለት የብርሃን ክሮችን በማቅለጥ አንድ ማድረግ።
ዋና መስመር፣ የፎቅ መስመር — የሕንጻ ዝርጋታ ሁለቱ ክፍሎች።
ገመድ አልባ — በአየር የሚተላለፍ።
ብረት አልባ — ምንም የብረታ ብረት ክፍል የሌለው።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ሥር የለም። ሁሉም ከሸማኔው፣ ከገመድ ሠሪው፣ ከብረት ሠራተኛውና ከግንበኛው የተወሰዱ ናቸው። «ስልክ» ሥርወ ፍቹን ረስቶ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ በመርሳቱም የጐዳው ሰው የለም። «ሽቦ» እና «ገመድ» ግን ዛሬ በአንድ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙ ቃላት ናቸውና፣ ልዩነታቸውን ጠብቆ መጻፍ የተርጓሚው የሙያ ግዴታ ነው።