የዘር መዝገብና የወላይታ ሥጋት

በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሁሉ ባዶ እግሩን ሲያርስ የኖረ ገበሬ፣ ረቂቁ የማዕድን ብናኝ በቆዳው ሰርጎ እግሩን ባሳበጠው ጊዜ፣ ጎረቤቱ ነገሩን የአፈር ሳይሆን የዘር እርግማን አድርጎ ይቆጥረው ስለ ነበር፣ ደዌው ከሕሙሙ አልፎ እኅቱን ባል፣ ወንድሙንም ሚስት ያሳጣ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዝሆኔ የሚባለውን የዚህን ደዌ የዘር ምክንያት ለመመርመር ናሙና ሊሰበስቡ በተነሡ ጊዜ፣ የቤተሰብ ስም በመዝገብ መስፈሩ የቆየውን ሐሜት እንዳያጸናው መፈራቱ እጅግ ተገቢ ነበር፤ ተመራማሪው ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸውም ስለዚሁ ሥጋት አስቀድመው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ማሳተማቸውን አከብራለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን፣ ናሙና ለመስጠት ከሚሞላው የፈቃድ ቅጽ ይልቅ ልብ የሚያሳምነው፣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር ሠራተኛ በርከክ ብሎ ያበጠውን እግር በሳፋ ውኃ፣ በሳሙናና በጥቂት በረኪና አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ ሲያጫማው ማየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የ194 ሕሙማንና የ203 ጤነኞች ናሙና ተመርምሮ፣ ደዌው ሰውነት ባዕድን ከሚለይበት ኤች.ኤል.ኤ. ከተባለው የዘር ክፍል ጋር መዛመዱ ታወቀ። ሆኖም ያንኑ ዘር የወረሰ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ ከደዌው ይጠበቃል፤ ሽማግሌ ለጋብቻ በተላከበት ደጅ ሁሉ ይህ ይነገር።