ጃፓን እንደምን ጣፈጠች?

የእኛ ሰው ስለ ጃፓን መጠየቅ ከጀመረ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. እዚያው ድረስ ሄደው አዩና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ከጉዟቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1923፣ በታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ላይ ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስደዋል። ከበደ ሚካኤል ደግሞ ጥያቄውን «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው የመጽሐፍ ርዕስ አደረጉት። በእኛ ዘመን ካይዘን መጣ፤ ኢንስቲትዩትም ተቋቋመለት።

ሕገ መንግሥቱን ጠየቅን፣ ጦሩን ጠየቅን፣ ፋብሪካውን ጠየቅን። ስለ ጣፋጫቸው የጠየቀ ግን እኔ አላጋጠመኝም። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ ቸኮሌቱ ይቀርበዋል። ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ።

ኪትካት የተባለውን ቸኮሌት የሠራው ራውንትሪ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፤ ዮርክ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1935። ጃፓን የገባው በ1973 ነው። በ1988 ኔስሌ ራውንትሪን ጠቅልሎ ገዛው። ታሪኩ የሚጣፍጠው ከ2000 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሆካይዶ በተባለችው የሰሜን ደሴት የእንጆሪ ጣዕም ያለው ኪትካት ወጣ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ፦ የአረንጓዴ ሻይ፣ የአኩሪ አተር ሶስ፣ የዋሳቢ፣ የሐምራዊ ስኳር ድንች፣ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ሳይቀር። እስካሁን የወጣው ጣዕም ከ300 ይበልጣል። ብዙው ለአንድ ወቅት ብቻ ተሠርቶ የሚጠፋ ነው።

ስሙም ረድቶታል። ኪትካት በጃፓንኛ አፍ ላይ «ኪቶ ካትሱ» ከሚለው አባባል ጋር ይገጥማል፤ «ያለጥርጥር ታሸንፋለህ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ወላጅ ለፈተና ለሚቀመጥ ልጁ ይገዛለታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከጃፓን ፖስታ ጋር ተስማምቶ፣ መልእክት ተጽፎበት እንደ ደብዳቤ የሚላክ ኪትካት በፖስታ ቤት ይሸጥ ጀመር። (የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ከመቶ 3.3ቱ ብቻ ያለፉበትን፣ ሳስታውስ ለእኛም ጥቂት ኩንታል ሳያስፈልገን አይቀርም።)

ዋናው ምስጢር ግን ሌላ ይመስለኛል። ጃፓን ውስጥ ሌላ ከተማ ደርሶ የተመለሰ ሰው ለቤተሰቡና ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ የዚያን አገር ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው። ይሄ ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። ከቡሬ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ማር ወይም በርበሬ ሳይዝ ዘመድ ቤት አይገባም። ጃፓኖች ይህን ልማድ ካርቶን ውስጥ ከተቱት። የዋሳቢው ኪትካት የሺዙኦካ ነው፣ የስኳር ድንቹ የኦኪናዋ። ናጋኖ ደግሞ የራሷ የበርበሬ ኪትካት አላት፤ የተሠራውም ያዋታያ ኢሶጎሮ ከሚባል፣ በዚያው ከተማ ከ1736 ጀምሮ በርበሬና ቅመም ሲሸጥ ከኖረ ቤት ጋር በመተባበር ነው።

ከውጭ የመጣ የወዳጅ ዘመድ እንዲህ ያለ ድብልቅ ከረጢት ይዞ ስለነበር ቡሬ ላይ የመቅመስ ዕድል አገኘን። ወተት ስላለበት ጾሙ እስኪፈታ ጠብቀን፣ ከቡና ጋር ቀረበ። አረንጓዴ ሻዩን ብዙዎቹ «ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል» ብለው አስቀመጡት። ሆጂቻ የሚሉት የተቆላው ሻይ ግን ተወደደ፤ ጠረኑ ገብስ ሲቆላ ያለውን ይመስላል። ዋሳቢውን የቀመሱ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰናፍጭ ነው፤ ስኳር ጨምሮ ያበላሸው ማነው?» አሉ። የበርበሬው ተራ ሲደርስ ሁላችንም አንድ በርበሬ ነጋዴ ጎረቤት ላይ አፈጠጥን። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ትንሽ ቆየና «ቸኮሌቱ ደህና ነው፤ በርበሬው ግን ደካማ ነው» ብሎ ፈረደ።

እንግዳ የሚመስለው ይህ ጣዕም ከሁሉም የቆየው ነው። ካካዎም በርበሬም የተገኙት ከአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ ከመድረሱ በፊት የሜክሲኮ አካባቢ ሰዎች ካካዎን ስኳር በሌለበት፣ በርበሬ ጨምረውበት ይጠጡ ነበር። ስኳሩ በኋላ በአውሮፓውያን የተጨመረ ነው። ሁለቱ ዘሮች በየፊናቸው ዓለምን ዞሩ፤ በርበሬው እኛም ዘንድ ጃፓንም ዘንድ ደረሰ፣ ያለእርሱ ወጥ የማናውቅም እስኪመስል ድረስ የእኛ ሆነ። ቸኮሌት ግን ወደ ጎጃም የመጣው በጣም ዘግይቶ፣ የሱቅ ዕቃ ሆኖ ነው። «ከረሜላ» የሚለው ቃላችን ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ይዞ ቆይቶ በመጋቢት 1941 እ.ኤ.አ. ለቆ ሲወጣ፣ የአካባቢው ጣፋጭ ያው የጥንቱ ማር ነበር።

ጃፓን ካካዎ አታበቅልም ቢባል ይቀላል፤ አብዛኛውን የምታስመጣው ከጋና ነው። ሎቴ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ «ጋና» የሚባል ቸኮሌት እዚያ ይሸጣል። እዚህ ላይ ስም መጻፉ ብቻውን ተአምር አይሠራም የሚለኝ አንባቢ እውነት አለው። የጋና ገበሬ ስሙ በየሱቁ ተለጥፎ ድሀ እንደሆነ አለ፤ የምርቱ ስም የሎቴ ነውና። የናጋኖው ቤት ልዩነት ስሙም፣ ወፍጮውም፣ ቅመማውም የራሱ መሆኑ ነው። የእኛ ቡና ዕጣ ከጋናም ይብሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናርያ ተነሥቶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም ገበያዎች አልፎ ወደ ጎንደርና ምጽዋ ይጓዝ ነበር። ጃፓኖች ዛሬም የኢትዮጵያን ቡና «ሞካ» ብለው ነው የሚሸጡት፤ ሞካ ደግሞ የየመን ወደብ ናት። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ በሚሉት ስሞች ላይ መንግሥት ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ የተስማማው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ለቡሬ በርበሬ እስካሁን የተሟገተ አላየሁም። ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ጃቢ ጠህናን በበርበሬ የታወቁ ናቸው፤ ባለሙያ ሴት በቀለሙና በሽታው ለይታ ታውቀዋለች። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ተመረቀ፣ ትልቅ የዘይት ፋብሪካም ተከፈተ። ብዙ ተስፋ አደረግን። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ በርበሬ የጫነ መኪና የሚያልፍበትን ቀን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ቸኮሌት እንሥራ እያልኩ አይደለም። በላዩ ላይ «የቡሬ» የሚል የታተመበት፣ ታጥቦ፣ ተቀምሞ፣ ተፈጭቶ የታሸገ የግማሽ ኪሎ በርበሬ ለማየት ግን ካካዎ አያስፈልግም።

የናጋኖው ቸኮሌት እያንዳንዱ ካርቶን ላይ የቅመማ ቅመም ቤቱ ስም አለ። መርካቶ በርበሬ ተራ ስትሄዱ ከእኛ አገር የመጣውን ጆንያ ገልብጣችሁ እዩት፤ የተጻፈበት «ዩሪያ» ነው።